ሐረጎ ለአርባ ዓመት ሰውም ቦታ አለው

ባለፈው ዓመት ለአንድ የብስክሌት ውድድር ልመዘገብ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ወጣት በአክብሮት ተቀበለኝ። ስሜን ጻፈ። ዕድሜዬን ጠየቀኝ። «43» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ለልጅዎ የሚያስመዘግቡ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ውድድሩ ለወጣቶች ነው፤ ቅጹ ላይ ለእኔ ዕድሜ የሚሆን ምድብ የለም።

ልጁ ምንም አላጠፋም። የተሰጠው ቅጽ ነው። እኔ ግን ያ የሌለ ምድብ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከዓመታት በኋላ ወደ ውድድር መመለስ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ምድብ ይከፈትላቸው እላለሁ።

ብስክሌት የተማርኩት ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ ላይ ነው፤ በሰዓት እየተከራየሁ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ የክለብ ማሊያ ለብሼ ተወዳድሬያለሁ። በ1999 ዓ.ም. አቆምኩ። ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ። ብስክሌቴን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በ2014 ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲገባ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማሩ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ያጣበት ጊዜ ስለነበር ስለ አንድ ብስክሌት ማውራት ከበደኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ያህል እንደምወደው የገባኝ ግን ያኔ ነው።

በ2016 ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ገዛሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ከዚያ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ለመውጣት ተነሳሁ።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ዳገቱ ቀላል ይመስለዋል። መንገዱ ግን እኩል አይወጣም። ሐረጎ ላይ ሲደርስ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይቆማል። አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትል ሌላው ከላይ ይታይሃል። ከጂቡቲ ጭነው የሚመጡት ተሳቢዎች በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ አጠገብህ ያልፋሉ። ጭሳቸውን ትውጣለህ። ከፍ ስትል ደግሞ ከደሴ በኩል ጉሙ ይቀበልህና ላብህ ጀርባህ ላይ ይቀዘቅዛል።

የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ከብስክሌቱ ወረድኩ። እግሬ ሳይሆን ትንፋሼ ነበር እንቢ ያለው። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኖረህበት እንኳ ልብህ ሥራ ከፈታ ያስታውቃል። ሰውነት ኦክስጅንን የመጠቀም አቅሙ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው፣ በየአሥር ዓመቱ 10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ልምምድ ያላቋረጠ ሰው ግን የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ያለፉት 17 ዓመታት ቆጩኝ።

ለሚመለስ ሰው ከልቤ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፤ ጅማት ግን ይዘገያል። በሁለት ወር ውስጥ ልቤ ዳገቱን ለመደው። ደስ ብሎኝ ሳምንቱን ሙሉ መጋለብ ጀመርኩ። ጉልበቴ ታመመ፤ አንድ ወር ሙሉ ቤት ዋልኩ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እወጣለሁ። በመሃል አርፋለሁ። ከመነሳቴ በፊት በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ሙዝ አይጠፋም።

ማርሹም ሌላ ትምህርት ነበር። በእኛ ጊዜ የፊቱ ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 23 ጥርስ ነበር። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ ሦስት ሜትር ተኩል ይሄዳል። ዳገት ላይ ያ ማለት ጉልበት መጨረስ ነው፤ እኛ ግን እንደ ጀግንነት እናየው ነበር። አሁን ፊት 34፣ ኋላ 32 አስገጥሜያለሁ። አንድ ዙር ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። እግሬ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ ጉልበቴም አይታመምም። ቀላል ማርሽ የደካማ ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ሐረጎ ላይ አብረን እንውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ላይ የማገኛቸው አምስት ስድስት ወጣቶች አሉ። ጠንካራ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ዳገቱ መሃል ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አንደኛው ወደ ኋላ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ ከኋላዬ ይግቡ» አለኝና ነፋሱን እየከለለልኝ እስከ ላይ አደረሰኝ። ዳገቱ ካለቀ በኋላ፣ ሜዳው ላይ፣ እነሱ ተበታትነው እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ከነፋስ ጋር ሲታገሉ አየሁ። ተራ በተራ ፊት እየሆኑ መጋለብ ማንም አላሳያቸውም። ከፊት ሰው ጀርባ የገባ ጋላቢ ሜዳ ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ገደማ ይቆጥባል። እኛ ይህን በ18 ዓመታችን እናውቀው ነበር፤ ታላላቆቻችን ናቸው ያሳዩን።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ይባስ ፈራሁላቸው። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨምቀው ይወርዳሉ። የቸርኬውን ጠርዝ የሚይዝ ፍሬን እንዲህ ሲጨመቅ ይግላል፤ ጎማ እስከ ማፈንዳት ይደርሳል። ኩርባው ሳይደርስ ያዙ፣ ኩርባው ላይ ልቀቁ፣ የውጪውን እግር ወደ ታች አድርጉ፣ ዓይናችሁ የምትወጡበትን ይይ አልኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ከእኔ በተሻለ ወረዱ።

ይህ እውቀት በከተማችን ነበረ። ጠፍቶ አይደለም፤ የያዙት ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠዋል። አንዱ የድሮ ጓደኛዬ ባጃጅ ይነዳል። አንዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። አንዱ ጎሚስታ ሆኗል። በ24 እና በ25 ዓመታችን «ጊዜያችሁ አለፈ» ተባልን፤ እኛም አመንን። ስንወጣ የምናውቀውን ይዘን ወጣን።

ሌላው ዓለም እንዲህ አያደርግም። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ ዕድሜያቸው 30 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ማስተርስ የሚባል ምድብ አለው። ግራን ፎንዶ የሚባሉት የአማተሮች ረጅም የመንገድ ውድድሮች ደግሞ ጋላቢዎችን ብዙውን ጊዜ በአምስት በአምስት ዓመት ይከፋፍላሉ። የ60 ዓመት ሰው ከ60 ዓመት ሰው ጋር ይወዳደራል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ስፖርቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

«በጀት የለም፤ ያለችውም ለወጣቱ ትሁን» የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ወጣቱ ይቅደም። እኛ የምንለምነው ሌላ ቀን፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ዳኛ አይደለም። ወጣቶቹ ከተነሱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በዚያው መንገድ እንነሳ። ሽልማት አያስፈልገንም። ደረታችን ላይ የምንለጥፈው ቁጥርና ሰዓታችንን የሚይዝልን ሰው ይበቃናል።

የመንገዱ ነገር ግን ለሁላችንም ያሳስበኛል። በተሳቢዎች መሃል ውድድር አይካሄድም። እሑድ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ሰላሙ ሲፈቅድ፣ ከኮምቦልቻ መውጫ እስከ ደሴ መግቢያ መንገዱ ቢዘጋልን ይበቃል። አዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ብላ በ2011 እሑድ ጠዋት መንገድ መዝጋት ጀምራለች። ኪጋሊ በ2025 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮናን ስታዘጋጅ የከተማዋን ዋና ዋና መንገዶች ለብስክሌት ለቅቃለች። ኪጋሊም እንደ እኛ ዳገታማ ናት። የእኛ ዳገት ደግሞ ከኪጋሊም ከፍ ብሎ ነው የሚያልቀው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ታዋቂ ጥናት 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ ዝቅ ብለው የሚሠለጥኑ ሯጮች እንደሚሻሻሉ አሳይቷል። ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ ወርዶ የሚሠለጥን ሰው ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር እያደረገ አይደለም፤ ሌሎች ኦክስጅኑ በተቀነሰ ድንኳን የሚገዙትን ከፍታ እኛ ቤታችን ተኝተን እናገኘዋለን።

በ23 ዓመቴ ከኮምቦልቻ ደሴ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ገብቼ አውቃለሁ። ባለፈው ወር በ1 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገባሁ። ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ ሰዓቱን ሲሰማ ዝም አለ። በሳምንቱ ብስክሌት ተውሶ መጣ። ጎሚስታውም መጣ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሆነናል፤ ትልቁ 51 ዓመቱ ነው።

ለሚቀጥለው ምዝገባ አምስታችንም አብረን እንሄዳለን። ቅጹ ላይ ምድባችን ከሌለ ከስማችን ጎን «40 እና ከዚያ በላይ» ብለን በእጃችን እንጽፍበታለን።