ሥዕሉ ምን በደለ?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የምትማርበት ቱሉ ዲምቱ ያለ የግል ትምህርት ቤት ለወላጆች ስብሰባ ጠራን። የበልጉ ዝናብ ጫማችን ላይ የለጠፈውን ዋልካ በር ላይ ጠርገን ገባን። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከክፍያ ጭማሪው ቀጥለው አንድ የምሥራች አሉን። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሥዕል ክፍለ ጊዜ ቀርቶ ሒሳብ ሊገባበት ነው። የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ ተብሎ ነዋ! አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ምክንያታቸውን ስሙልኝ። «በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶው ብቻ ነው፤ በሥዕል የምናጠፋው ጊዜ የለንም» አሉ። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ሥዕል እዚህ ውስጥ ምን ዶለው? የወደቁት ልጆች ሥዕል ሲስሉ ነው እንዴ ፈተናው የደረሰባቸው? አብዛኞቹ ብሩሽ ሳይጨብጡ 12 ዓመት እንደጨረሱ እወራረዳለሁ። ሥዕል ሳይማሩ ወደቁ፣ መፍትሔው ሥዕል ማስቀረት ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ሥዕል ሲባል አበባና ጎጆ ቤት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ እኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ይምጣ። ልጆቹ ከግንባታ የተረፈ ሽቦ ለቅመው መኪና ይሠራሉ። ጎማዋ ቆርኪ ነው። አንዱን በቀደም ቆሜ አየሁት፤ ቢበዛ 9 ዓመቱ ነው። መኪናዋ ወደ ግራ እየሳበች አስቸገረችው። ገለበጣትና ጎማዎቹን የሚያያይዘውን ሽቦ በጥርሱ አቃና። አሁንም ሳበች። ቆርኪዎቹን አውልቆ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ለካ። አንዱ ተጨፍልቆ ሰፍቷል። ቀየረው። ቀጥ ብላ ሄደች።

ዲዛይን ሌላ ምንድን ነው? ሠርቶ ማየት፣ ስህተቱን ማግኘት፣ እንደገና መሥራት። ማንም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አላደረገበትም። የሚፈልጉት ሒሳብም እዚያው አለ፤ መሐሉን ማግኘት፣ ግራና ቀኙን ማመጣጠን። ሽሮ ሜዳ ያሉትን ሸማኔዎች ጠይቁ። ጥለት ሲያወጡ ክር ይቆጥራሉ፤ አንድ ክር ከሳቱ ጥለቱ ተንጋደደ። ያንን ጥለት «ጥበብ» ያልነው እንዲያው ዝም ብለን አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ልጅ ግን ክፍል ሲገባ ሰነፍ ይባላል። ክፍልፋይ አልገባውማ! «መኪናህን አምጣና በእሷ እንማር» የሚለው መምህር የለም። ይኼ ሊባልባት የምትችል አንዲት ክፍለ ጊዜ ነበረች፤ እሷንም ወሰዱበት።

ቀለሙ ውድ ነው የሚል ወላጅም ተነሣ። ጫማችንን የሚጎትተው ዋልካስ? ከሰልስ? ካርቶን ጠፋ እንዴ? የመምህር እጥረቱን አምናለሁ፤ ሥዕልን ደርባ የምታስተምረው የአማርኛዋ መምህርት ናት። እና የሒሳብ መምህር ሲጠፋ ሒሳብ ይሰረዛል?

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እኮ «የክወናና እይታ ጥበባት» ብሎ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎታል። ይኼንን ስጠይቅ፣ ፕሮግራሙ ላይ ስሙ ይቆያል ተባልኩ። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ማለት ነው።

ስወጣ አጥሩን ቀና ብዬ አየሁት። ክረምት ላይ ሠዓሊ ቀጥረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሚኪ ማውስ አስለውበታል። ማስታወቂያ ነው፤ ትምህርት ቤቱ «ለሕፃናት ምቹ» መሆኑን አላፊ አግዳሚው እንዲያይ። ለቀለሙ እኔም 500 ብር አዋጥቻለሁ።