ማዘዣ እስኪመጣ በር መጠበቅ ያቅታል?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት የቀረበ የሕግ ባለሙያ፣ ፖሊስ ከጠረጠረ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት ቢበረብር ነውር የለውም ብሎ አረፈው። የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል አለና ደግሞ ጨመረበት።

ይህን የሚል ሰው ቤቱ ተበርብሮ አያውቅም። ፍራሽ ይገለበጣል፣ የበርበሬው ጣሳ ሳይቀር ይከፈታል፣ የሚስትህ የውስጥ ልብስ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ምንም ባይገኝም ጎረቤት «ለካ ንጹህ ናቸው» አይልም። «ምን አድርገው ይሆን?» ነው የሚለው።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32ም ጥርጣሬ ብቻውን ይበቃል አይልም። ተጠርጣሪ እየተባረረ ቤት ከገባ ፖሊስ ተከትሎ ይግባ፤ በዚህ አልከራከርም። ከዚያ ውጭ ግን ክስ ወይም አቤቱታ መቅረብ አለበት። ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ማስረጃው እዚያ ቤት ስለመኖሩ፣ ማዘዣ እስኪወጣም ስለመሸሹ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል።

ጉዱ ያለው እዚህች መጨረሻዋ ላይ ነው። «ይሸሻል» የማይባል ዕቃ የታለ? ወረቀት ይቃጠላል፣ ስልክ ይሰበራል፣ ገንዘብ ኪስ ይገባል። በዚህ ሒሳብ የማይበረበር ቤት የለም። እስቲ ንገሩኝ፣ አንድ ፒካፕ ሙሉ ፖሊስ ይዞ ግቢ የከበበ መርማሪ ሁለቱን በር ላይ አቁሞ አንዱን ፍርድ ቤት መላክ ያቅተዋል? አዲስ አበባ መሃል ሆኖ? በሩ እየተጠበቀ ማን ምን ይዞ ይወጣል? በጓሮ ይዘላሉ ካላችሁ ጓሮውንም ጠብቁ! ለእኔ ጥድፊያው ሁሉ ዳኛው «ምን ይዘህ መጣህ?» እንዳይል ነው።

ማዘዣ ደግሞ ልጓም አለው። የሚፈለገው ዕቃ ይጻፍበታል፤ ሌላ መውሰድ አይቻልም። ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት በር መደብደብ የለም።

የ2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ማዘዣ መበርበርን ፈቅዶ ነበር። አዋጁ አብቅቷል፤ እንግዳችን ግን አልሰማም መሰለኝ።

ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። አንቀጽ 26 ቤታችንን ከብርበራ ይጠብቃል። ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን አንቀጽ 19 በግልጽ ይላል። ያለ ማዘዣ ተበርብሮ ስለተገኘ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቃል የለም። ታዲያ በሕገወጥ መንገድ ያመጣው ዕቃ ችሎት ፊት ከተቀበሉት፣ የትኛው መርማሪ ነው ማዘዣ ለማውጣት ወረፋ የሚይዘው?