ዝንጅብል ስድብ የሆነበት አገር

ባለፈው ሰኔ ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ ሄጄ፣ እዚህ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ስጠብቅ፣ አምስት ስድስት ልጆች አንዱን ከበው «ጂንጀር! ጂንጀር!» እያሉ ሲጮሁ ሰማሁ። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ቃሉ በእንግሊዝኛ ዝንጅብል ነው፤ እዚህ ከተማ ግን ሰው «ጂንጀር» ሲል ብዙ ጊዜ ለስላሳ መጠጥ ማለቱ ነው፤ ኮካም ይሁን ሌላ፣ ጋዝ ካለው ጂንጀር ነው። በመጣሁበት ዓመት ሥራ ቦታ ጉንፋን ይዞኝ ስስል አንዲት ሴትዮ «ጂንጀር ላምጣልሽ?» ስትለኝ እናቴ ከፊቴ የቆመች ያህል ሆዴ ተላወሰ። ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ስጠብቅ ይዛልኝ የመጣችው ከማቀዝቀዣ የወጣ አይርን ብሩ የሚባል ለስላሳ ነበር፤ ብርቱካናማ፣ ስኳር ብቻ። እናም ልጆቹን ሳይ ለስላሳ የሚሻሙ መስሎኝ ነበር።

ቀረብ ስል ግን መሀል የቆመው ልጅ በዚያ ፀሐይ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦታል። ከኮፍያው ሥር ያመለጠው ፀጉሩ እንደ ፍም ቀልቷል። ለካ «ጂንጀር» የሚሉት ስለ ፀጉሩ ነው። ከሚጮሁት አንዱ ደግሞ የእኔው ልጅ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደተናደድኩ መናገር አለብኝ። እኔ በዝንጅብል የተማርኩ ሰው ነኝ። ያደግሁት አረካ አጠገብ ነው። አባቴ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ያለፈውን ዓመት ዝንጅብል እየቆራረሰ ይተክላል፤ በላዩ ሣር እንጎዘጉዛለን፤ ክረምቱን ሙሉ ሲታረም ይከርምና በበጋው ይቆፈራል። እኛ ልጆቹ አፈሩን እያራገፍን፣ እየላጥን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ጣታችን ለሳምንታት ያቃጥላል፤ በዚያ እጅ ዓይኑን የነካ ልጅ አልቅሶ ነው የሚያድረው። ደብተሩ፣ ጫማው፣ የደንብ ልብሱ፣ ኋላም የሶዶ የቤት ኪራዬ፣ ሁሉም ከዚያ ጆንያ ነው የወጣው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ሲመጣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኛ፤ ሲቆፈር ሥሩ ውኃ ሆኖ ጠበቀን። የእኛ ማሳ ብቻ አይደለም፤ በወላይታም በከምባታም ጠምባሮም ከዳር እስከ ዳር ነው የጠፋው። አባቴ ከማሳው ዳር ተቀምጦ አፈር እያሸተተ ዝም ያለበትን ቀን አልረሳውም። እንግዲህ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነው ዝንጅብልን ስድብ አድርጎ የሚጮኸው።

እጁን ይዤ ወደ አስተማሪዋ ሄድኩ። የሆነውን ነገርኳት። ፈገግ አለች። «ይሄማ ጨዋታ ነው፤ ቀይ ፀጉር ያለው ሁሉ ይባላል፣ ሲያድጉ ይረሱታል» አለችኝ። ቀጥቅጦኝ የሄደው ይህ ቃል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ልጅ የእኔን ልጅ በቆዳው ቀለም ሲሰድበው ያው ትምህርት ቤት በዚያው ቀን ደወለልኝ። ቅጽ ተሞላ፣ ወላጆች ተጠሩ፣ ደብዳቤ ቤቴ መጣ። ያኔ አመስግኜ አልጠገብኩም፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። ታዲያ ለዚህስ ልጅ ቅጹ የት አለ? ስጠይቅ የተረዳሁት፣ በፈረንጆቹ 2010 የወጣው የአገሪቱ የእኩልነት ሕግ ጥበቃ ከሚያደርግላቸው ዘጠኝ ጉዳዮች መካከል ዘርና የቆዳ ቀለም አለ፣ ሃይማኖት አለ፣ አካል ጉዳት አለ፤ የፀጉር ቀለም ግን በስም የለም። በቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው ለቅሶውም ቦታ አላገኘም።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ቃሉን ስከታተል አደርኩ። ጂንጀርና ዝንጅብል አንድ ቃል ናቸው። በደቡብ ሕንድ ዛሬም ተክሉን «ኢንጂ» ይሉታል። ከዚያ በሳንስክሪት «ሽሪንጋቬራ»፣ በግሪክ «ዚንጊቤሪስ»፣ በዓረብኛ «ዘንጀቢል» ሆነ፤ በቁርኣን በአል ኢንሳን ምዕራፍ በጀነት የሚጠጣው መጠጥ የሚቀላቀለው በእርሱ ነው። እኛ «ብ»ንም «ል»ንም ይዘን አስቀረነው። እንግሊዞቹም ጥንት «ጊንጊፈር» ይሉት ነበር፤ ቀስ በቀስ አሳጠሩት። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ዝንጅብል በዓረብ ምድርና በቀይ ባሕር የአፍሪካ ዳርቻ ይበቅላል ብሎ ጽፎ ነበር። ተሳስቷል፤ መርከቦች ከሕንድ እየጫኑ በእኛው ባሕር ስለሚያልፉ አገሩ እዚህ መስሎት ነው።

ታዲያ ቢጫ የሆነ ሥር እንዴት የቀይ ፀጉር ስም ሆነ? አባቴ ያመረተው ዝንጅብል ሲቆረጥ ውስጡ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ቀይ አይቼ አላውቅም። መልሱን ሳገኝ ከአልጋዬ ተነስቼ ተቀመጥኩ። በፈረንጆቹ 1785 ለንደን ላይ የታተመው የፍራንሲስ ግሮስ የመንደር ቃላት መዝገብ እንደሚለው፣ ቃሉ የተወሰደው ከዶሮ ማዋጊያ ሜዳ ነው። ቀያዮቹን አውራ ዶሮዎች «ጂንጀር» ይሏቸው ነበር። ከዶሮው ላባ ወደ ሰው ራስ ተሻገረ።

ይሄ እኮ የእኛው መንገድ ነው! ገብስማ የምንለው ምኑን ነው? ከገብስ ተነሳ፣ ዶሮ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ፀጉር ላይ ወጣ። ዳማስ? የፈረስ መልክ ነው፤ ሰው ላይ ሲመጣ «ቀይ ዳማ» ሆኖ ሙሽራ ይሞገስበታል። አንድ ሕዝብ ከእህሉና ከከብቱ መልክ ወስዶ ሰውን ሲጠራ ምንም ክፋት የለውም። ገብስማ የተባለ ሽማግሌ ሲቆጣ አላየሁም። እንግሊዞቹ ግን ያንኑ መንገድ ሄደው፣ ከገበሬ ማሳ ተነስተው፣ መጨረሻው ላይ ልጅ በሰኔ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርግበት ቦታ ደረሱ። ከዚህም ብሶ፣ የፈረስ ነጋዴዎች ገዢ ፊት ጭራውን ቀጥ አድርጎ እንዲቆም በፈረሱ መቀመጫ ዝንጅብል ያስገቡ ነበር፤ ሰውን ማነቃቃት «ጂንጀር አፕ» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ሻይ ሊፈላበት የሚችለውን!

እኛስ ጋ? እውነቱን ልናገር። በሰፈራችን በመልኩ የተሰደበ ልጅ አልነበረም አልልም። ታናሽ ወንድሜ ከሁላችን ጠቆር ስለሚል «ከሰል» ሆኖ ነው ያደገው፤ ዛሬም አንዳንዱ እንደዚያ ይጠራዋል፣ እሱም ይስቃል፣ እኔ ግን ሳቁን አላምነውም። ነገር ግን ልዩነቱ ይኸውና፦ መንገድ ላይ እንደዚህ ልጅ ተከቦ ቢሆን የመጀመሪያዋ አላፊ ሴትዮ «ተው አንተ! እግዜር የሠራውን!» ብላ ትበትናቸው ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቅም። እዚህ አጥሩ ጋ አሥር ወላጅ ቆመን ነበር። ዘጠኙ ስልካቸውን ያያሉ። እኔም የራሴን ልጅ ብቻ ጎትቼ ወጣሁ፤ የሌላውን ልጅ መቆጣት እንደማይፈቀድልኝ ስለማውቅ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ የተማርኩት ይህን ነው፤ ያን ዕለት አስጠላኝ።

በማግስቱ ፖሎክሺልድስ ሰፈር ካሉት የፓኪስታኖች ሱቆች አንዱ ገባንና ትኩስ ዝንጅብል ገዛን፤ ባለሱቁ «አድራክ» ይለዋል። ልጄን ቤት አስቀምጬ አስላጥኩት። አያቱ በዚህ ምን እንደሠራ፣ እኔ በምን ገንዘብ እንደተማርኩ ነገርኩት። ጣቱ ሲያቃጥለው «እማዬ በቃኝ» አለ፤ አልበቃህም አልኩት። ቀይ ፀጉር ከምን እንደሚመጣም አሳየሁት፤ በፈረንጆቹ 1995 ተመራማሪዎች «ኤም ሲ ዋን አር» የሚባለው ዘረ መል ከቀይ ፀጉር ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው ፀጉሩ የሚቀላው። «እንደ አንተ ቀለም ነው፤ ማንም መርጦ አላመጣውም» ስለው አቀርቅሮ ቀረ።

ቅዳሜ ወደ ልጁ ቤት ሄድን። ባዶ እጅ አይኬድምና ዝንጅብልና ማር በዘንቢል ይዣለሁ። ልጄ በሩን አንኳኳ። እናትየው ወጣች። ፀጉሯ ድቅድቅ ጥቁር ነው፤ ልጁ አባቱን መስሎ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ልጄ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይቅርታ ጠየቀ። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ለዚህ ነገር በራችንን ያንኳኳ ሰው ኖሮ አያውቅም» አለች። ዘንቢሉን ልትቀበለኝ ጎንበስ ስትል ከአናቷ ላይ ቀለሙ ያልደረሰበትን የፀጉሯን ሥር አየሁት። ቀይ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ነው የምትቀባው።

ልጇ ከኋላዋ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ኮፍያውን ቤት ውስጥም አላወለቀም።