ሰሌዳው ያውቃል

ወዳጄ ስኖውቦርድ፣ ማለትም ሁለት እግር ታስሮበት በረዶ ላይ ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ፣ ሊገዙ ነው። የትኛው እንደሚሻል አሥራ አንድ ሰው ጠይቀው አሥራ ሁለተኛው እኔ ሆንኩ። ፍላጎታቸውን ያስረዱበት መንገድ ያስቀናል፤ በረዶ የሚደለድል ማሽን ባለፈበት ጥርጊያ ቁልቁለት ላይ ሰሌዳውን በጠርዙ እያስተኙ መታጠፍ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከትንሽ ጉብታ ላይ መዝለል። አለቀ። እንዲህ የጠራ ጥያቄ በዘመኔ አልገጠመኝም። ደግነቱ መልስ አላስፈለጋቸውም፤ ሰሌዳውን ከመረጡት ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል።

ይህን ልማድ የሚያሙ ሰዎች አሉ። «የወሰነ ሰው ለምን ይጠይቃል?» ይላሉ። አላዋቂዎች! ምክር የሚጠየቀው ሊሰሙት ነው ያለው ማን ነው? የሚጠየቀው አማካሪው እንዳይከፋው ነው። ወዳጄ አሥራ ሁለት ሰው አክብረዋል። አማካሪዎቹም ውለታ አልረሱም፤ እያንዳንዳቸው የመከሯቸው በራሳቸው እግር ሥር ያለውን ሰሌዳ ነበር። እኔም የራሴን መከርኩ፤ ልዩነቱ የእኔው ትክክል መሆኑ ነው።

የተመረጠው ሰሌዳ ይህን ይመስላል። አፍንጫው ረዥምና ሰፊ ነው፤ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ጭራው ጠበብ ብሎ እንደ መቀስ ለሁለት ተሰንጥቋል። የተሠራው ማሽን ደርሶበት ለማያውቅ ገደላገደል፣ እስከ ጉልበት ለሚያሰምጥ አዲስ በረዶ ነው። እዚያ አፍንጫው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ጭራው ይሰምጣል፣ ጋላቢው ይደሰታል። ወዳጄ የሚውሉት ግን ሌሊት ተደልድሎ ባደረ፣ ጠጣር በረዶ ላይ ነው። በዚያ ላይ የተቆለመመው አፍንጫ መሬት ስለማይነካ ያን ያህል ጠርዝ ሥራ ፈትቶ ይሄዳል። «አንድ ቀን ትልቅ በረዶ ቢጥልስ?» ይላሉ። ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ማሾፍ ቀላል ነው፤ ለዚያች ላም ከዛሬው ገመድ ገዝቶ መጠበቅ ግን የእምነት ሰው ሥራ ነው።

ለዝላይም ቢሆን የተሰነጠቀው ጭራ እጅግ ይመቻል። በአየር ላይ ግማሽ ዙር ተሽከርክሮ ጭራውን አስቀድሞ ለማረፍ የሞከረ ሰው ጭራው በረዶው ውስጥ ይሰካበታል። ስለዚህ ማረፍን መማር አያስፈልግም። ሰሌዳው ያሳርፋል።

ተራው ሕዝብ ካምበር በሚባል ነገር ይጃጃላል። ካምበር ያለውን ሰሌዳ ወለል ላይ ብታስቀምጡት መሐሉ እንደ ቀስት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወለሉን የሚነካው በአፍንጫውና በጭራው አጠገብ ብቻ ነው። ስትቆሙበት ይተኛል፤ ክብደታችሁም ከእግራችሁ ሥር አልፎ በጠርዙ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳረሳል። ስለዚህ ጠጣሩን በረዶ ይነክሳል። ለዝላይ ተጭናችሁ ስትለቁት ደግሞ መልሶ ያስፈነጥራል። በጥርጊያ ላይ ለመታጠፍና አንዳንዴ ለመዝለል ሌላ ምን ይፈለጋል? ምንም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ምንም ከማይጎድለው ሰሌዳ ላይ የወደቀ ሰው ማንን ሊወቅስ ነው?

ወዳጄን ሱቅ ውስጥ ማየት ነበረባችሁ። ሰሌዳውን አቆሙት። አፍንጫውን በግራ እጃቸው ያዙና ቀኝ መዳፋቸውን ወገቡ ላይ አድርገው ተጫኑት። አልነቃነቅም አለ። በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንስራ ስንጥቅ እንዳለው እንደሚፈትሽ ሰው በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ምን እንደሰሙ አልነገሩንም። «ጥንካሬው 9 ነው» አለ ሻጩ። ቁጥሩ ከ1 እስከ 10 ይሄዳል፤ ዝቅ ያለው እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ከፍ ያለው ፍጥነትና ጉልበት ካላገኘ አይበገርም። ወዳጄ ለሚሉት ጨዋታ ከ5 እስከ 7 ያለው ይበቃ ነበር። ደግሞም አምራቾች የተስማሙበት የጋራ መለኪያ ስለሌለ የአንዱ 6 የሌላው 8 ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ቁጥርን እንደ መለኪያ ለሚያይ ሰው ነው። ወዳጄ እንደ ማዕረግ ነው የሚያዩት። 10ን ያልወሰዱት ከትሕትና የተነሣ ነው።

ጫማቸው 46 ቁጥር፣ የሰሌዳው ወገብ ስፋት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት የጫማው አፍንጫና ተረከዝ ከሰሌዳው ወዲያና ወዲህ ይተርፋሉ፤ ሰሌዳው በጠርዙ ጠለቅ ብሎ በተኛ ቁጥር ጫማው በረዶውን ይፍቃል፣ ጠርዙ ይነሣል፣ ጋላቢው ይወረወራል። የዚያው ሰሌዳ ሰፋ ያለ ዓይነት መደርደሪያው ላይ ነበር። ሥዕሉ ግን ሌላ ሆነ! ጠባቡ ሆዱ ላይ የሚያገሳ ተኩላ አለው፣ ሰፊው ግራጫ መስመሮች ብቻ። ተኩላው ያለው ከሥር፣ በረዶው በኩል ነው፤ ሰው እየጋለበ ሳለ ማንም አያየውም። ወዳጄ ይህንንም አስበውበታል። ጫማቸው በረዶ ፍቆ በወደቁ ቁጥር ሁለት እግራቸው ወደ ሰማይ ይነሣና ተኩላው ከነጥርሱ ይታያል። በዚያ ቁልቁለት ላይ እንደ እሳቸው ሥዕሉ የታየለት የለም።

ርዝመቱን በአገጫቸው ለኩት። አምራቹ በጋላቢው ክብደት የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አትሟል፤ ሠንጠረዥ ማንበብ ግን ሰሌዳውን መጠራጠር ይመስላል። ጫማውን በመጨረሻ፣ በተረፈው ገንዘብ፣ እንዲመቻቸው ብለው አንድ ቁጥር አስበልጠው ገዙ። ተረከዛቸው ውስጥ ለውስጥ ይነሣል። እሳቸው ታጠፍ ሲሉት ሰሌዳው የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ ከትልቅ ሰው ጋር እንደሚሠራ ሠራተኛ ትእዛዙን አጣርቶ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። ተረቱን ያወጡት ሰዎች ጥምጥም እንጂ ስኖውቦርድ አላዩም። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ ሁለት ስኪዎች፣ በየእግሩ የሚታሰሩትን ቀጫጭን መንሸራተቻዎች፣ ጎን ለጎን አጋጥሞ ለልጆቹ መጫወቻ ሲሠራ የጥንካሬ ቁጥር አልለጠፈበትም፤ ልጆቹም ቁልቁለቱን ከመውረድ በቀር ምንም አላወቁም። ምስኪኖች።

የኤስተር ሌዴትስካንም ታሪክ አንሥቼላቸው ነበር። ይህች የቼክ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ላይ ሱፐር ጂ በሚባለው የስኪ ውድድር በመቶኛ ሴኮንድ ብልጫ ወርቅ ወሰደች፤ የወረደችበትም ስኪ ቀደም ሲል አሜሪካዊቷ የስኪ ሻምፒዮን ሚካኤላ ሺፍሪን የተጠቀመችበት ነበር። ሳምንት ቆይታ በስኖውቦርድ ሌላ ወርቅ ደገመች። ወዳጄ በጽሞና አዳመጡኝ። ዓይናቸው በራ።

«ስኪው የትኛው ሞዴል ነበር?» አሉኝ።

ሰሌዳው የተመረቀ ዕለት በማለዳ አብረን ወጣን። ማሽኑ ያለፈበት በረዶ እንደ ኮርዱሮይ ጨርቅ በቀጫጭን መስመር ተሰንትሮ ይጠብቃል። ሜዳውም ፈረሱም ይኸው። ወዳጄ ወረዱ። ያለፉበት ቦታ ጆንያ የተጎተተበት ይመስላል፤ ሰፊ፣ የተፋቀ፣ በየመታጠፊያው የበረዶ ክምር ያለበት። ከጎናቸው አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ በኪራይ ሰሌዳ ወረደች። ሥዕሉ ተፍቆ የምን እንደነበረ አይለይም። ከኋላዋ የቀረው በእርሳስ የተሠመረ የሚመስል አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ይቋረጥና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ወዳጄ ከወደቁበት ቀና ብለው ልጅቷን አዩ።

«ታሳዝናለች» አሉ፣ «በኪራይ።»

ወደ ላይ የሚመልሰው ሊፍት ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። በረዶውን ከጓንታቸው እያራገፉ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሰሌዳውን ቁልቁል ተመለከቱት።

«ትንሽ ለስለስ አለብኝ» አሉኝ።

«9 ነው እኮ።»

«እሱ ነው እንግዲህ። 10 የወሰደ ሰው ታውቃለህ? ልጠይቀው ነበር።»