ጭራው የሚያበራ መኪና

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በክረምት ጉም በመሃል ያለውን የሐረጎን ተራራ ሲሸፍነው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በጸሎት ይለካል። ክርስቲያኑ በስመ አብ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ መሪውን ይጨብጣል፤ ሁለቱም የፊት መብራታቸውን አብርተው፣ ከፊታቸው ያለውን የጭነት መኪና ቀይ መብራት እየተከተሉ ጥምዝምዙን ቁልቁለት ይወርዱታል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ባለመኪና ትርፍ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያሠራው የፊት መብራቱን ነው ብሎ የሚገምት ሰው ይኖር ይሆናል። ያ ሰው የእኛን ሰፈር ባለመኪኖች አያውቃቸውም። እኛ ዘንድ ዘንድሮ መብራት የሚገባው ኋላ ኮፈን ውስጥ ነው።

የኋላ ኮፈን የመኪና ጓዳ ነው። ሰው መኪናውን ከውጭ ያጥባል፣ ወንበሩን ያለብሳል፣ መስታወቱ ላይ መስቀል ወይም ሙስበሓ ያንጠለጥላል፤ ኮፈኑን ግን ለስኮርታ ጎማ፣ ለክሪክ፣ ለግማሽ ከረጢት ከሰልና ካለፈው በዓል ለተረፈ የበግ ገመድ ይተወዋል። ጨለማነቱም የጋራ ጥቅም ነበረው። ከሰኞ ገበያ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዝቶ የተመለሰውም፣ አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ያስጫነውም ክዳኑን እኩል ድርግም አድርገው ይዘጉ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ከሰው ሐሜት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሰው የብድር ጥያቄ ይድኑ ነበር። የጎረቤት ዓይን እስከ ክዳኑ ድረስ መጥቶ እዚያው ይመለሳል።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚኖሩት የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታችን ይህን የቆየ ስምምነት ለማፍረስ የተነሱት፣ በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ ከኮምቦልቻ የመጣ የሚዜ መኪና ካዩ በኋላ ነው። የዚያ መኪና ኮፈን ሲከፈት ዙሪያውን ሰማያዊ ብርሃን ፈሰሰበት፤ ውስጡ የተደረደሩት የለስላሳ ሣጥኖችም ከሙሽራዋ ያላነሰ ፎቶግራፍ ተነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤታችን የራሳቸውን ኮፈን በከፈቱ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁር ጀመር። የመኪናቸው የግራ የፊት አምፖል ከተቃጠለ ክረምቱ አልፎ በጋው ቢጋመስም፣ ማታ ማታ በአንድ ዓይን ስትመጣ ያየ ሁሉ ሞተር ሳይክል መስላው መንገድ የሚያጠብባት ቢሆንም፣ ያ ግን ፊታቸውን አላጠቆረውም።

ለሥራው የተጠራው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ገና ወጣት ነው። ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውንና ቴስተሩን በአንድ ዘንቢል ይዞ መጣ። መብራቱ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጀርባው ላይ ማጣበቂያ የተለጠፈበት፣ በ12 ቮልት የሚሠራ የኤልኢዲ ጥቅል ሲሆን፣ በፈለጉት ቦታ የሚቆረጥ አይደለም፤ በየሦስት አምፖሉ የመዳብ ምልክት አለውና መቀሱ እዚያ ላይ ብቻ ያርፋል። ልጁ የኮፈኑን አፍ ዙሪያ በስንዝር ለካ፤ ከከሰሉ የተረፈውን ጥቁር ብናኝ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ አንድ በአንድ ጠረገ፤ የደሴ ብርድ ማጣበቂያውን እንዳያደነዝዘው ከቤት የሴት ልጃቸውን የፀጉር ማድረቂያ ተውሶ ብረቱን አሞቀ። በዚህ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። በአገራችን አንድ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ከቆመ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ መሆኑ የታወቀ ነው። አንዱ መስመሩ ከሬዲዮው እንዲሳብ መከረ። ሌላው ከስቶፕ መብራቱ እንዲቀጠል ሐሳብ አቀረበ፤ በዚህ ምክር መሠረት ጎረቤታችን ፍሬን በረገጡ ቁጥር ሽንኩርታቸው ይበራላቸው ነበር። ጡረተኛው ጎረቤት ግን ክራባታቸውን አስተካክለው፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ቢታይ ይሻላል አሉ።

ክርክሩ የተካረረው ፊውዙ ላይ ሲደረስ ነው። ኮፈኑ ውስጥ ከፋብሪካው የመጣች አምስት ዋት የማትሞላ አምፖል ነበረች፤ የእሷ ቀጭን ሽቦ ይህን ሁሉ ጭነት እንዲሸከም ስላልተሠራ፣ ልጁ ከፊት ካለው ባትሪ አዲስ መስመር ለመሳብ ወሰነ። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል በጎማ ቀለበት በኩል ሾልኮ፣ በበሮቹ ደፍ ሥር አልፎ፣ ከኋላ ወንበሩ ጎን ተደብቆ ኮፈኑ ድረስ ይሄዳል፤ በዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ልባሱ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ ባትሪው ያለውን ኃይል በሙሉ ይለቅበትና ሽቦው ግሎ ምንጣፉን ያቀጣጥላል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ የሚቀመጠውም ይህ ከመድረሱ በፊት እሱ ቀድሞ ተቃጥሎ መስመሩን እንዲቆርጥ ነው።

«ጋሼ፣ ያለ ፊውዝ ከባትሪ መስመር አልስብም» አለ ልጁ።

«አንተ ልጅ፣ ፊውዙ ያበራል?»

«አያበራም።»

«ታዲያ ለማያበራ ነገር ስለ ምን እከፍላለሁ? በሱ ፈንታ አንድ ሜትር ጨምርበት!»

ልጁ ካቻቪቴውን ዘንቢሉ ውስጥ መልሶ ከተተ። ይህ በደሴ ባለሙያ ዘንድ የመጨረሻው የድርድር ቃል ስለሆነ፣ ሽማግሌዎች ገብተው፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እስኪያልፍ ተከራክረው፣ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማትሞላ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ እንድትገባ በስምምነት ተወሰነ። የሚያድን እንጂ የሚታይ ነገር ያልሆነ ሁሉ በእኛ ሰፈር የሚገዛው በሽምግልና ነው።

ቀለሙ ሰማያዊ እንዲሆን ቀድሞ ተቆርጧል። ስለ ሰማያዊ ብርሃን አንድ ነገር መናገር የግድ ነው። ቀዩ ኤልኢዲ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ሰማያዊው ግን ተመራማሪዎችን አሥርት ዓመታት አስለፍቷል፤ ያለ ሰማያዊው ደግሞ ለቤት የሚሆነውን ነጭ ብርሃን በኤልኢዲ መሥራት አይቻልም ነበር። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ ይህን ስላሳኩ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሦስቱ ሊቃውንት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲያመሹ፣ የድካማቸው ፍሬ አንድ ቀን ደሴ ላይ የክሪክና የከሰል ከረጢት ጌጥ እንደሚሆን አስበውት ከነበረ፣ በጣም አርቀው አሳቢዎች ነበሩ ማለት ነው።

ሰማያዊነቱ ግን ያላሰቡት ጣጣ አመጣ። መብራቱ በተተከለ ማግስት ጎረቤታችን ከኮምቦልቻ ቲማቲም ጭነው መጡ፤ ሲመሽም በኩራት ክዳኑን ከፍ አደረጉት። ቀይ ነገር ቀይ ሆኖ የሚታየው ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ነው፤ በንጹሕ ሰማያዊ ብርሃን ሥር የሚመልሰው ነገር ስለማይኖረው ይጠቁራል። ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው ሣጥኑን አዩት፣ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ፣ እንደገናም ጎንበስ አሉ።

«ይኼን የበሰበሰ ሁሉ ኮምቦልቻ መርቀው ነው የሰጡዎት?» አሉ።

ቲማቲሙ ወጥ ቤት ገብቶ በተለመደው አምፖል ሥር ቀይነቱን እስኪያስመሰክር ድረስ እራት አልቀረበም። ከዚያ ወዲያ ጎረቤታችን ለኮፈኑ የሚስማማ ዕቃ ይመርጡ ጀመር፤ ነጭ የጤፍ ከረጢት በሰማያዊ ብርሃን እጅግ ያምራል። አንዱን ከረጢት ለሁለት ሳምንት ሳያወርዱት ሲዞሩ አይተናል። ከሰሉና የበጉ ገመድ ወደ ኋላ ወንበር ተዛውረው፣ ዘመዶቻቸው አሁን ጉልበታቸው ላይ ታቅፈዋቸው ይሳፈራሉ። ጓዳው ሳሎን ሲሆን ሳሎኑ ጓዳ መሆኑ የት ይቀራል?

ለመብራቱ ታሪካዊ ማስረጃ የተገኘለትም በዚሁ ሰሞን ነው። እንደሚተረከው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 በዚህ አካባቢ ሰፍረው ሳሉ ረጅም ጅራት ያለው ኮከብ ሰማይ ላይ አይተው፣ በሁኔታው ተደንቀው ከተማዋን ቆረቆሯት። ጎረቤታችን ይህን ታሪክ ለቡና ታዳሚው ጠቅሰው፣ «ይቺ ከተማ የተመሠረተችው ጭራው በሚያበራ ነገር ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» ብለው ጠየቁ። ማስረጃው ጠንካራ ስለነበር ማንም አልመለሰም፤ ጡረተኛው ብቻ ኮከቡ ከፊትም ያበራ እንደነበረ በትሕትና አስታወሱ።

ልጁ ተመልሶ የመጣበት የመጨረሻው ፈተና ክዳኑ ሲዘጋ መብራቱ መጥፋት አለመጥፋቱን ማረጋገጥ ነበር። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እንዲህ ያለው ጥቅል በሜትር 14 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሁለት ሜትሩ ከባትሪው ከሁለት አምፔር በላይ ይመጥጣል ማለት ነው። ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህን ተሸክሞ ካደረ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉ ያልቃል፤ በደሴ የንጋት ብርድ ደግሞ በቀረው ግማሽ ሞተር ማስነሳት ዕድል ነው። ድሮ ቢሆን ደሴ ሙሉ በሙሉ ቁልቁለት ስለሆነች መኪናውን ገፋ አድርጎ ማስነሳት ይቻል ነበር፤ የጎረቤታችን መኪና ግን አውቶማቲክ ስለሆነች ቢገፏት ጦሳ ተራራን ዞራ ብትመለስም አትነሳም። መቆለፊያው ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ መሥራቷ መታወቅ ነበረበት። አንድ ጎረምሳ እዚያው ውስጥ ተዘግቶ ለማየት ራሱን በፈቃደኝነት አቀረበ፤ አያቱ «ያረቢ! በቁምህ ልትቀበር ነው?» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ጀርባውን መቱት። በመጨረሻ የጎረቤታችን ስልክ ቪዲዮ እየቀረጸ ከጤፉ ከረጢት ላይ እንዲቀመጥና ክዳኑ እንዲዘጋ ተደረገ።

ቡናው በረካ ላይ ስለነበር፣ ጎረቤታችንም ስኳር ሊያስመጡ ወደ ቤት ገባ ስላሉ፣ ስልኩ ከታሰበው በላይ ቆየ። ከዚያ ክዳኑ ተነሳ፣ ስልኩ ወጣ፣ ሁላችንም አንገታችንን ሰግገን ተመለከትን። ስክሪኑ ላይ አንዴ ሰማያዊ ታየ፤ ከዚያም ድርግም አለ። መብራቱ ጠፍቷል። ልጁ በደስታ እጁን አጨበጨበ። ስልኩ ግን ዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም ነበረው። ከድፍን ጨለማው ውስጥ፣ በቆርቆሮው ታፍኖ ሆኖም እያንዳንዱ ቃል እየለየ፣ የጡረተኛው ድምፅ ተሰማ፦

«የግራ ዓይኗ ታውሮ ሳለ ጭራዋን ይኳሏታል!»

ቀጥሎም የሌላ ሰው፦ «ለቅሬው እድር መዋጮ ሲጠየቁ እኮ እጅ አጠረኝ ያሉት እኚሁ ናቸው።»

ቀጥሎም፣ ከሁሉም ጠርቶ የተሰማው የባለቤታቸው ድምፅ፦ «እኔስ የጨርቅ ነጋዴ አግብቼ መስኮቴ ያለ መጋረጃ ቀርቶ የለም እንዴ!»

ጡረተኛው ስለ ዘንድሮው ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ባለቤታቸው ሲኒ ለቀሙ። ጎረቤታችን ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው፣ ድምፁን አንድም ሳይቀንሱ አዳመጡና ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ፊውዙስ?» አሉ ወደ ልጁ ዞረው።

«ደህና ነው፣ ጋሼ፤ አልተቃጠለም።»

በማግሥቱ የግራው የፊት አምፖል ተቀየረ። ለሳሎኑም መጋረጃ ተሰቀለ፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። የቅሬው መዋጮ እስካሁን አልተከፈለም፤ እሱን የተናገረውን ሰው ድምፅ ለማወቅ ቪዲዮው ገና እየተመረመረ ነው ይባላል።

ልጁ ዘንቢሉን አንስቶ ወደ ፒያሳ ሲያቀና ጡረተኛው ከቅያሱ ላይ ጠብቀው ያዙት። ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሳቸው አረንጓዴ እንዲሆንላቸው፣ ከዚያኛው ግን በአንድ ሜትር እንዲበልጥ ነገሩት። ልጁ ከመኪናቸው ጀርባ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ።

«አባባ፣ የርስዎ ስቶፕ እኮ ሁለቱም አይበራም።»

«እሱን ተወው» አሉ፤ «እሱ የሚበራው እኔ ከፊት ተቀምጬ ስነዳ ነው፤ መቼ አየዋለሁ ብለህ?»