የባሕር ዛፉን ነገር አትርሱት

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ፈቃድ በማይጠይቀው የ60 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ራቅ ያሉ ቦታዎችን በኢንተርኔት ማገናኘት ይቻላል ይላል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ለእኛ ለጎጃም ግን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

60 ጊጋኸርዝ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ራሱ ሞገዱን ይውጠዋል። በየኪሎ ሜትሩ 15 ዴሲቤል (የሞገዱ ጉልበት ምን ያህል እንደቀነሰ የሚለካበት አሃድ) ገደማ ይጠፋል። የሞገዱ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዝናብም ክፉኛ ይጎዳዋል። የሐምሌን ዶፍ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ከተማ ውስጥ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ግሩም ነው። ከደብረ ማርቆስ ራቅ ላለ የገጠር ትምህርት ቤት ግን 5.8 ጊጋኸርዝ ይሻላል። ዝናብ ብዙም አይነካውም።

እሱም ቢሆን ከፊቱ የሚጋርደው ነገር መኖር የለበትም። "ማማው ይታየኛል" ማለት ብቻ አይበቃም። ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ መሐል ላይ ከእይታው መስመር ዙሪያ 10 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። እኛ የዘረጋነው መስመር ሁለት ዓመት ጥሩ ሠርቶ ቀስ በቀስ ደከመ። የአንቴናውን ሳህን ደጋግመን አስተካከልን፤ ገመድ ቀየርን። ለካስ መሐል ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ አድጎ ኖሯል! ገበሬውን ቁረጥ አይባል ነገር፣ ኑሮው ነው። በመጨረሻ ማማውን 6 ሜትር ከፍ አደረግነው።

ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም ማለት ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ሬዲዮው የሚያሰራጨው ኃይል ጣሪያ አለው። እባካችሁ ከመትከላችሁ በፊት ሌሎች የያዟቸውን ቻናሎች (የሞገድ መስመሮች) በሬዲዮው ስካን አድርጋችሁ ለዩ። የጎረቤትን መስመር አታበላሹ።