ከማድሪድ በፊት ሰከላ

በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ስፓኒሽ ከነባህሉ ይሰጥ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እሰየው! እኛ ጎጃም ያለን ግን ከማድሪድ በፊት ግሽ የሚገኝባትን ሰከላን እናስቀድም። ስፔናዊው የጀስዊት (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ቄስ አባ ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥተው ግሽ ላይ የዓባይን ምንጭ ያዩት በ1618 እ.ኤ.አ. ነው። ከተማሪዎቹ መካከል እዚያው ጠበል የጠጣ አይጠፋም።

የአፄውን ካቶሊክ መሆንና ያስከተለውን ደም መፋሰስም አትዝለሉት። ወላጅ ልቡ የሚሰጋው በዚህ ነው፤ በግልጽ ይነገር።

አነባበቡስ ግድ የለም። አምስቱም የስፓኒሽ አናባቢዎች አማርኛ ውስጥ አሉ፤ ለስፓኒሹ "ñ" የምትሆን "ኘ"ም አለችን። ባህሉን በበዓል ጀምሩት። የስፔን ልጆች ስጦታ በጉጉት የሚጠብቁት ለሦስቱ ነገሥታት (ለሰብአ ሰገል) ቀን ነው፤ እሱም የእኛ ገና ዋዜማ ላይ ይውላል። መምህሮቻችን፣ እባካችሁ ግስ ከማሸምደዳችሁ በፊት ይህን አጫውቷቸው።